አንድም ነዶ አልሳተችም

«ለመሆኑ ቋጠረች?»

ይህን ያላት ቆቡን በእጁ ይዞ ከበሩ ጀምሮ ተሰልፎ የመጣ ሽማግሌ ነው። ዲምፕና ሮሲተር እንደሌላው ሰው «እግዜር ያጽናሽ» የሚላት መስሏት እጇን ዘርግታለት ነበር። እሱ ግን እጇን ጨብጦ፣ ማጽናናቱን ወዲያ ትቶ፣ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ገባ። ከኋላዋ አባቷ ፊንታን ለትርኢት ቀን ብቻ የሚለብሰውን ሱፍ ለብሶ፣ መቁጠሪያ በጣቶቹ ላይ ተጠምጥሞለት በሣጥኑ ውስጥ ተጋድሟል። ራስጌው ሻማ ይነዳል፤ የግድግዳው ሰዓትም እንደ ደንቡ ነፍሱ በወጣችበት ሰዓት ላይ እንዲቆም ተደርጓል።

«አልቋጠረችም» አለችው።

ሽማግሌው ወደ ሣጥኑ ጎንበስ አለ። «አየህ ፊንታን፣ እሷ ሳትቋጥር አልቀበርም ብለህ ነበር። አሁን ምን ይዋጥህ?»

ከኋላው የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። ዲምፕናም ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣና ሁለቱንም በአንድ መሐረብ ጠረገቻቸው። የአባቷ ለቅሶ እንዲህ ይሆናል ብላ አልጠበቀችም ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ከመጣው ለቀስተኛ ግማሹ ሟቹ እንዴት እንደሞተ ከመጠየቁ በፊት ማሽኗ እንዴት እንደሆነች ይጠይቃል።

ማሽኗ ያለችው ከቤቱ ጀርባ፣ በድሮው የፈረስ ጋጥ ውስጥ ነው። ድሮ በፈረስ እየተጎተተ ስንዴውን አጭዶ፣ ሰብስቦ፣ በሲባጎ አስሮ ነዶውን በጎኑ የሚጥል የአጨዳ ማሽን ነበር፤ ይህቺ የሱ ትንሽ አምሳያ ናት። ትልቁ ማሽን ሦስት ፈረስ ይፈልግ ነበር፤ ትንሿ ከልብስ ስፌት መኪና እምብዛም አትበልጥም፣ በእጅ ነው የምትዞረው። ሁሉም ነገሯ ይሠራል። እጀታዋን ሲያዞሩት ምላጯ ይመላለሳል፣ ሸራዋ የታጨደውን ወደ ላይ ይወስዳል፣ መርፌዋ ክሩን በነዶው ዙሪያ ታመጣለች። ከዚያ፣ መቋጠር ባለባት ሰዓት፣ ክሩን ለቃ ነዶውን ዝርግፍ ታደርገዋለች። ዓመት ሄዶ ዓመት ሲመጣ ያው ዝርግፍ ነው።

በየነሐሴው በከተማው ሜዳ በሚደረገው የጥንት እርሻ ትርኢት ላይ ፊንታን ከጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ «ቋጠረች?» ላለው ሁሉ «ለከርሞ» ይል ነበር። ከመልሱ ብዛት የሰፈሩ ልጆች ስሙን ትተው «አቶ ለከርሞ» ይሉት ጀመር። ባለፈው ነሐሴ ግን ከዘራውን ተደግፎ፣ ድምፁ ቀጥኖ፣ «እሷ ሳትቋጥር አልቀበርም» አለ። ሰው ሳቀ፤ እሱ አልሳቀም። ዲምፕና አጠገቡ ነበረችና አለመሳቁን አይታለች።

ነገ ረፋድ ላይ ቄሱ ይመጣል፣ ሣጥኑ ይከደናል። ከዚያ በፊት ማሽኗ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ መቋጠር አለባት። ዲምፕና ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ አምሳ ዓመት የሞላት ሴትዮ በአባቷ ሬሳ ፊት ቆማ ስለ መጫወቻ ታስባለች እንዳይሏት ፈርታለች። ልቧ ግን ከጠዋት ጀምሮ ነገ እንደምትዳር ሴት ድው ድው ይላል።

ወጥ ቤቱን የያዘችው ጎረቤታቸው ብሪዳ ኪሆ ናት። ብሪዳ ለቅሶ ቤት ስትገባ ሌላው ሰው ሁሉ እንግዳ ይሆናል። ሻዩ በትልቁ ማንቆርቆሪያ ይፈላል፣ የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች በየሳህኑ ይቆለላል፣ ውስኪው ለማን እንደሚገባና ለማን እንደማይገባ እሷ ታውቃለች። ከሬሳው ጋር ማን መቼ እንደሚቀመጥ የምትመድበውም እሷ ናት፤ ሟች እስኪሸኝ ድረስ ለአንዲት ደቂቃ ብቻውን አይተውምና። ዲምፕና በጓሮ በር ሹልክ ልትል ስትል ብሪዳ ቢላዋውን ይዛ ፊቷ ተገተረች።

«ወዴት ነው?»

«ትንሽ ንፋስ ልቀበል።»

«ንፋሱ ጋጡ ውስጥ ነው ያለው?» አለች ብሪዳ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሂጂ፣ ከሱ ጋር እኔ እቀመጣለሁ። ስትመለሺ ግን እጅሽን ታጠቢ፤ በቅባት እጅ ለቀስተኛ አይጨበጥም።»

ጋጡ የማሽን ዘይትና የእንጨት ፍቅፋቂ ይሸታል። በግድግዳው ላይ የመጨረሻዋ ፈረሳቸው አንገት ላይ ይውል የነበረው የቆዳ ማነቆ እስከ ዛሬ ተሰቅሏል። ያቺ ፈረስ ስትሞት ዲምፕና ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። አባቷ አላለቀሰም፤ እዚህ ገብቶ በሩን ዘጋና ከአጥር እንጨት መዳፍ የምታክል ማረሻ ሠርቶ ወጣ። ከማረሻዋ በኋላ የድርቆሽ መሰብሰቢያው፣ ከዚያ ድንች ማውጫው፣ ከዚያ ባለ ሁለት ፈረሱ ማጨጃ ተከተሉ። ሁሉም በመደርደሪያው ላይ ተሰልፈው ቆመዋል፤ የሚጎትታቸው ቢያገኙ የሚወጡ ይመስላሉ።

ፊንታን በሥራው አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፤ ያለውን እንዳለ። አንድ ጊዜ በትርኢቱ ላይ የማያውቀው ሰው መጥቶ፣ የማጨጃው መንኮራኩር አንድ ዘንግ ይጎድለዋል አለው። ፊንታን ሰውዬውን አመሰገነ፣ ጠረጴዛውን አጥፎ ወደ ቤቱ ሄደ፣ ሁለቱንም መንኮራኩር ሰብሮ እንደገና ሠራ። ለዚህች ለመጨረሻዋ ደግሞ ይባስ ብሎ ከራሳቸው ማሽን ላይ ነው ልኩን የወሰደው። ትልቁ ማሽን በሜዳው ጫፍ እሾህ በልቶት፣ ዝጎ ተጥሎ ነበር። ፊንታን በስተርጅና በደረቱ እየተሳበ እሾሁ ውስጥ ይገባና ሜትሩን ይዘረጋል፤ ሲወጣ ፊቱ ከድመት ጋር የተጣላ ይመስላል። ከመቀመጫው ላይ የተጣፈችውን ቆርቆሮ እንኳ አልዘለላትም።

ዲምፕና አንድ ቀን «አባዬ፣ ለዚህ እኮ መጽሐፍ አለ» ብትለው ከፋው።

«መጽሐፉ ላይ ያለው የሌላ ሰው ማሽን ነው» አላት። «የእኛ ማሽን አንድም ነዶ ስታ አታውቅም። ሦስቱን ፈረስ የነዳሁት እኔ ነኝ፤ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?»

ዲምፕና ሥራዋ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው፤ በከተማው ላሉ ሐኪሞች ሁሉ ትሠራለች። ስለዚህ አባቷ ትንንሾቹን ብረቶች በሰም ቀርጾ ያመጣላታል፣ እሷ ደግሞ በጥርስ ብረት አቅልጣ ታወጣለታለች። ቋጠሮውን የምትሠራውን፣ የወፍ ምንቃር የምትመስለውንና ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማትበልጠውን ብረት ያወጣችለት እሷ ናት። በሰው አፍ ውስጥ ከሚገባው ብረት ነው የተሠራችው ስትለው በጣም ደስ አለው። «እንግዲያው ትነክሳለች» አለ።

ግን አልነከሰችም። ዲምፕና አሁን ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ከአጥር ሥር የሚበቅለውን፣ አባቷ ለስንዴ ምትክ የሚያደርቀውን ቀጭን ሣር በሸራው ላይ ደረደረች፣ ክሩን ሰም ቀባችው፣ እጀታውን አዞረች። ዝርግፍ። ክሩን ለወጠች፣ ማጥበቂያዋን አላላች፣ መልሳ አጠበቀች። ዝርግፍ። በመጨረሻ ግንባሯን በጠረጴዛው ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ከሞቱ በኋላ ብቻዋን ሆና ስታለቅስ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ እጇን ታጥባ ወደ ለቀስተኛው ተመለሰች።

አመሻሽ ላይ አጎቷ ላር ከመርከብ ወርዶ መጣ። ላር የፊንታን ታናሽ ነው፤ በጉርምስናው ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ኮቨንትሪ ውስጥ በመኪና ፋብሪካ ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ለሠርግና ለቀብር ብቻ የሚመጣ ሰው። ጋጡን ካየው ስንት ዘመኑ ነው። ከወንድሙ ጋር እሑድ እሑድ በስልክ ይነጋገሩ ነበር፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ሞቱ ሰዎች፣ ስለ ማሽኗ። በሣጥኑ አጠገብ ብዙ ቆመ። ከዚያ የወንድሙን ክራባት አቃናለት፣ ያቃናውን መልሶ ትንሽ አጣመመው። «ቀጥ አድርጎ አስሮ አያውቅም» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

የመቁጠሪያው ጸሎት ካለቀ በኋላ ሰዉ ወጥ ቤት ውስጥ ታጭቆ ሻይ ሲጠጣ ወሬው ወደ ሟቹ ዞረ። ጄም የሚባለው ጎረቤት፣ ለማንኛውም ነገር ምስክር መሆን የሚወድ ሰው፣ ብርጭቆውን አንሥቶ፣ በዚህ አገር እንደ ሮሲተሮች ያለ የአጨዳ ማሽን አልነበረም፣ አንድም ነዶ ስታ አታውቅም፣ ፊንታን ራሱ በአፉ ነው የነገረኝ አለ። ሰዉም እውነት ነው፣ ለእኔም ነግሮኛል፣ ለእኔም፣ ተባባለ።

ላር ሻዩ ትን አለው። ብሪዳ ጀርባውን መታችው፣ አንዱ ውኃ አመጣ፣ ሌላው ምስኪን ሐዘኑ ነው አለ። ዲምፕና ግን የአጎቷን ትከሻ ታያለች። ሮሲተሮች ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። አባቷም እንዲሁ ነበር። ጠጋ ብላ ምን እንደሆነ ብትጠይቀው፣ ተይኝ፣ እሱ ባለበት ቤት አይወራም ብሎ ጆሮው ላይ ያለውን የመስሚያ መሣሪያ ነካ ነካ አደረገ፤ መስማት ሳይፈልግ ሲቀር የሚያደርጋት ዘዴ ናት።

ጠዋት፣ ፀሐይዋ ገና ከጋጡ ጣሪያ ከፍ ሳትል፣ ዲምፕና ሁለት ኩባያ ሻይ ይዛ አጎቷን ከአልጋው ቀሰቀሰችው። እዚያ ቤት የማይወራ ከሆነ ሌላ ቤት አለ አለችው። ላር ካፖርቱን በሌሊት ልብሱ ላይ ደርቦ ተከተላት።

ጋጡ ውስጥ እንደ ገባ ቀጥ ብሎ ቆመ። ማሽኗን አያት፤ ዞሮ በሌላ በኩል አያት። ጣቱን ዘርግቶ መቀመጫዋ ላይ የተጣፈችውን ቆርቆሮ ነካ። «አባታችን ከብስኩት ቆርቆሮ ቆርጦ የለጠፋት ናት» አለ ቀስ ብሎ። «ፊንታን እዚህ ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ከኋላ በእግሬ። የማሽኗ ጩኸት አሁን ድረስ ጆሮዬ ውስጥ ነው።» ዲምፕና አጉሊ መነጽሩን ሰጠችውና የማትቋጥረውን ቦታ አሳየችው። ላር ጎንበስ አለ፣ ቆየ፣ መነጽሩን አራቀ፣ አቀረበ።

«ይቺን ምንቃር ማን አጣመማት?»

«ማንም አላጣመማትም። አባዬ ከትልቁ ላይ ነው የለካት። እንዳለች ናት።»

«እንዳለች» አለ ላር። የሻይ ኩባያውን አስቀመጠ፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ፣ በሮሲተሮች ዘር ታይቶ በማይታወቅ ሁኔታ፣ ድምፅ አውጥቶ ሳቀ። እንባው በጉንጩ ወረደ። «አይ ወንድሜ። የአባታችንን መዶሻ እኮ ነው የለካኸው።»

እያረፈ፣ እየሳቀ፣ አፍንጫውን እየጠረገ ነገራት። አንድ የመከር ዓመት ማሽኗ ድንጋይ ነክሳ ምንቃሯ ተጣመመ። አባታቸው አውጥቶ፣ በሜዳው ጠርዝ ባለው ድንጋይ ላይ አድርጎ፣ በመዶሻ ቀጥቅጦ መለሰው። አልቀናም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማሽኗ ጥቂት ነዶ ታስርና አንዱን ትበትናለች፤ የበተነችውን ከኋላ የሚሄደው ላር እየሮጠ በራሱ በስንዴው አገዳ ያስረዋል። ፊንታን ከፊት ሦስት ፈረስ ይዟል፤ ጩኸቱ አያሰማው፣ ፈረሶቹ ዞር አያስብሉት። የሜዳው መጨረሻ ደርሶ ሲታጠፍ ብቻ በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ያያል። ያን ጊዜ ሁሉም ነዶ ታስሮ ተጋድሟል፣ ላርም ቀጥ ብሎ ቆሞ እጁን ከፍ ያደርግለታል። ሁሉም ታስሯል፣ ንዳ ማለት ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁትም?» አለች ዲምፕና።

«ለፊንታን?» ላር ሰው እንደ ጠፋበት ሁሉ ዙሪያውን፣ መደርደሪያውን፣ በልክ የተደረደሩትን ሞረዶች አየ። «ብንነግረው እኮ ፈረሶቹን አቁሞ፣ ወርዶ፣ ማሽኗን ብሎን በብሎን ፈትቶ ሣሩ ላይ ይዘረጋታል። ዝናቡ ደግሞ ከዚያ ኮረብታ ጀርባ ቆሟል። አባታችን፣ ለዚያ ልጅ ትንፍሽ ብትል ወየውልህ አለኝ።»

«በኋላስ?»

«በኋላማ በየሄደበት ይፎክርባት ጀመር። አንድም ነዶ አልሳተችም ሲል ዓይኑን አይተሽዋል? እንዴት ብዬ ልቀማው?» ኩባያውን አነሣ፣ ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠ። «በስልክ አልቋጥርም አለች ሲለኝ ከመጽሐፍ የሠራት መስሎኝ፣ ክሩን ለውጥ እለው ነበር። የትልቋ ሲባጎ ሻካራ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይይዝ ነበር። ይህ ቀጭን ክር ግን በተጣመመው ላይ ተንሸራቶ ይወጣል። እሾህ ውስጥ ገብቶ ጥፋቱን እስከ ነፍሱ ይለካዋል ብዬ በምን ላውቅ?»

ዲምፕና ብድግ አለች። ሥራው ግልጽ ሆኖ ታያት፤ የፀጉር ያህል ወደ ግራ፣ በቃ። ብረቱ ሳይግል ከታጠፈ ይሰበራል፤ በእሳት ግን ይታዘዛል፣ እሷም በየቀኑ የምታደርገው ነው። የሥራ መብራቷ ከነትንሿ ነበልባሉ መኪናዋ ውስጥ አለ። ይሁን እንጂ ምንቃሯ አንድ ብቻ ናት፤ ብትሰበር ሌላ ለማውጣት ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፣ ሬሳ መኪናው ደግሞ ረፋድ ላይ ይደርሳል። ሌላም ነገር ልቧን ያዘው። ያለውን እንዳለ ሲል የኖረን ሰው ሥራ፣ ገና አፈር ሳይቀምስ፣ ልጁ ልታርመው?

«ያለውን እንዳለ ያለው እኮ እሱ ነው» አለች። «እኔ ብነካት የእሱ መሆኗ ቀረ።»

ላር አጉሊ መነጽሩን መልሶ እጇ ላይ አስቀመጠላት። «እሱ የነዳት ማሽን አልሳተችም» አለ። «የነዳትን እንሥራለት።»

ዲምፕና ወደ መኪናዋ ሮጠች። ስትመለስ ጄም ለሽኝቱ ሳይቸግረው ቀድሞ መጥቶ በጓሮ ሲያልፍ አያትና፣ በለቅሶ ልብስ የምትሮጥ ሴት ምን ሆና ነው ብሎ ተከተላት። ጄም የሄደበት ወሬ አይቀርምና ብዙም ሳይቆይ ጋጡ በር ላይ ሰው ተኮለኮለ። ማንም አልገባም፤ ቆባቸውን አውልቀው አንገታቸውን ያሰግጋሉ፣ የፊተኛው ያየውን ለኋለኛው በሹክሹክታ ያስተላልፋል።

ምንቃሯን በወረንጦ ይዛ ነበልባሉ ላይ አደረገቻት። ብረቷ ጠቆረች፣ ቀላች፣ የበሰለ እንጆሪ መሰለች። ዲምፕና ትንፋሿን ይዛ በሌላው ወረንጦ ነካ አደረገቻት፣ እንደገና ነካ። ቀይ አድርጋ አወጣቻት ይባላል በበሩ። ገፋቻት ይባላል። ተሰበረች እንዴ አለ አንዱ፣ ዝም በል አሉት። አልተሰበረችም። አቀዘቀዘቻት፣ በሞረድ አለሰለሰቻት፣ ቦታዋ መለሰቻት፣ ብሎኗን አጠበቀች። እጇ የአባቷ እጅ ነው የመሰላት።

ላር ሣሩን ደረደረ። ዲምፕና እጀታውን አዞረች። ምላጯ ተመላለሰ፣ ሸራዋ ተሳበ፣ መርፌዋ ክሩን ይዛ መጣች፤ ምንቃሯ አንድ ጊዜ ዞራ፣ ከፈት ብላ፣ ክሩን ነክሳ ሳበችው። ጣት የምታክል ነዶ በጎን በኩል ወደቀች፣ እንደ ወደቀችም ቀረች። አልተዘረገፈችም። ዲምፕና አንሥታ ክሩን ጎተተችው። ቋጠሮው ጠበቀ።

«ቋጥራለች» አለች፤ ከጉሮሮዋ የወጣው ግን አየር ብቻ ነበር። ላር በእሷ ፈንታ ደገመው።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ለቅሶ ቤት የሚሆን አልነበረም። ቆብ ወደ ላይ ተወረወረ፣ ጄም የማያውቀውን ሰው አቅፎ ሳመ፣ ትናንት ሣጥኑ ላይ ጎንበስ ብሎ የቀለደው ሽማግሌ ከዘራውን በግድግዳው ላይ ይደበድባል። አንድ ሁለቱ ያሉበት ቦታ ትዝ ብሏቸው አፋቸውን ቢይዙም ሳቁ በጣታቸው መካከል አመለጠ። ብሪዳ ልትቆጣ የወጥ ቤት ፎጣ እያወናጨፈች መጣች፤ ነዶዋን ስታይ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብላ ፎጣውን ፊቷ ላይ አደረገች። ወዲያው ደግሞ ፎጣውን ከፊቷ አነሣች።

«ሁላችሁም እዚህ ናችሁ» አለች። «ፊንታን ጋ ማን አለ?»

ከለቀስተኛው ማንም አልነበረም። ያ ሁሉ ሰው፣ ደንብ አዋቂው ሁሉ፣ ሬሳውን ብቻውን ጥሎ ጋጥ በር ላይ ሲጨፍር ነበር። እየተጋፉ ወደ ቤት ሮጡ፤ ላርና ዲምፕና ማሽኗን በሁለት ጎን ይዘው፣ እንደ ታመመ ሰው እየጠበቋት፣ ከኋላ ተከተሉ። የሬሳ መኪናው በሩ ላይ ቆሟል። ቄሱ በሣጥኑ ራስጌ መጽሐፉን ገልጦ ብቻውን ቆሞ፣ የሣጥኑን ክዳን የያዙት ሰዎች ደግሞ ከአሁን በኋላ ማን እንደሚያዛቸው ግራ ገብቷቸው ነበር። ዲምፕና አንድ ደቂቃ እንዲታገሷት ለመነች። ማሽኗን ከሣጥኑ አጠገብ ባለ ወንበር ላይ አስቀመጡ፤ ቄሱም የዚሁ ሰፈር ሰው ነውና «ቋጠረች እንዴ?» አለ።

ዲምፕና በጋጡ የታሰረችውን ነዶ በአባቷ ጣቶች መካከል፣ ከመቁጠሪያው ጎን፣ አስቀመጠችለት። «አባዬ፣ ቋጥራለች» አለችው። ለዚህች አንዲት ቃል ስንት ዓመት እንደ ጠበቀ እያሰበች ግንባሩን ሳመችው፤ ብርዱ ከንፈሯ ላይ ቀረ።

ጄም ከኋላ ሆኖ፣ እኔ በደንብ አላየሁም፣ እሱ ባለበት ድገሚው አላት። ሌላውም ድገሚው አለ። ዲምፕና ቀሪውን ሣር ደርድራ እጀታውን አዞረች። ምላጩ፣ ሸራው፣ መርፌው። ምንቃሯ ዞረች፣ ተከፈተች፣ ክሩን ሳተችው። ነዶው ወንበሩ ላይ ዝርግፍ አለ።

ዲምፕና እጇ እጀታው ላይ ደርቆ ቀረ፤ ወደ አባቷ ፊት ለማየት ድፍረት አጣች።

ላር ከሰዉ መካከል ወጣ። ጀርባውን ለሣጥኑ ሰጥቶ፣ ወንበሩን በካፖርቱ ከልሎ፣ የተበተነውን ሣር በፍጥነት ሰበሰበ። በእርጅና ባበጡት ጣቶቹ አንዲት አገዳ መዘዘ፣ በነዶው ዙሪያ አዞራት፣ ጠመዘዛት፣ ጫፏን ከሥር ወሸቃት። እጁ አልረሳውም። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ዞሮ ነዶዋን ከመጀመሪያዋ ጎን አጋደማትና ወደ ሣጥኑ ራስጌ ሄደ፤ ፊንታን በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ቢያይ ሊያየው የሚችልበት ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

እጁን ከፍ አደረገለት።